ባዶ እጁን የሮጠው ሰው

አንድ ሰው ነበር። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፎ፣ የሌላ ሰው ጫማ በእጁ ይዞ ቆሟል። ሣርና ጭቃ የተጣበቀበት የጨዋታ ጫማ ነው። የት እንደሚያስቀምጠው አላወቀም፤ ዝም ብሎ ይዞታል።

ሰውየው አሰልጣኝ ነው። በአሜሪካ ፉትቦል፣ ስማቸው ከገነነ ቡድኖች በአንዱ፣ ማጥቃቱን የሚመራው እሱ ነው። ጫማውስ የማነው? የልጁ ነው። የወለደው ሳይሆን ያሰለጠነው ልጅ፤ ኦሪን ይባላል። ኦሪን በዚያች ሰዓት ከበሩ ወዲያ ተኝቷል። ትከሻው ተሰብሯል፤ ሐኪሞቹም "ክንዱ እንደ ድሮው ስለመሆኑ ቃል አንገባም" ብለዋል።

ቆይ ቆይ፣ እናንተ ወጣቶች አትሳቁብኝ! ፓስተራችን ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የአሜሪካንን ጨዋታ ያወቀው እያላችሁ ነው፣ አይደል? አምና ለአገልግሎት ሄጄ የእህቴ ልጅ ኢዮስያስ ስታዲየም ወስዶኛል። በዓይኔ አይቻለሁ። ፉትቦል ይሉታል እንጂ በእጅ ነው የሚጫወቱት! ኳሷም ክብ አይደለችም፤ እንደ ፓፓያ ሞላላ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚያጠቃው ቡድን ኳሷን ይዞ ወደፊት መግፋት አለበት። በተሰጠው ጥቂት ዕድል የተወሰነ ርቀት ካልገፋ ኳሷን ለባላጋራው ያስረክባል። መግፊያው መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ውርወራ ነው። ወርዋሪው ከኋላ ቆሞ ኳሷን አሻግሮ ይለቃታል፣ ሩቅ የሮጠ ጓደኛው ይቀልባታል። አቤት ሲያምር! ሕዝቡ በአንዴ ብድግ ይላል። ሌላው ሩጫ ነው። አንዱ ኳሷን ሆዱ ላይ አቅፎ በእነዚያ ግዙፍ ሰዎች መካከል ይጋፋል። ትንሽ ይሄድና ይወድቃል። ይነሳና ደግሞ ትንሽ ይሄዳል፣ ደግሞ ይወድቃል። ያን ጊዜ ሕዝቡ ምን ያደርጋል? ምግብ ሊገዛ ይወጣል።

ኦሪን ወርዋሪው ነበር። ሯጩ ደግሞ ሩፈስ ይባላል፤ ዕድሜው ለጨዋታው ገፋ ያለ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው።

አሰልጣኙ ምን አጠፋ? ክፉ ሆኖ እኮ አይደለም! የኦሪንን ክንድ ወደደው። እንዲህ ያለ ክንድ እያለኝ በሁለት በሁለት እርምጃ ምን አደከመኝ አለ። ወርውር! አሁንም ወርውር! ሕዝቡ ጨፈረ፣ የቡድኑ ባለቤት ፈነደቀ። ጭራሽ ሩፈስን ዳር አስቀመጠና በእሱ ቦታ አንድ ተጨማሪ ኳስ ተቀባይ አስገባ።

ባላጋራስ? ባላጋራ ሞኝ ነው እንዴ? ይህ ቡድን አንድ ነገር ብቻ እንደሚያውቅ ገባው። ሩጫውን የሚጠብቅ ሰው ማቆሙን ተወ፤ ሁሉም በኦሪን ላይ ዘመቱ። ኳሷን ሳይለቃት ይመቱታል፣ ከለቀቃትም በኋላ ይመቱታል። ልጁ አያማርርም። ተነስቶ ይወረውራል። ሰዉም "ጀግና!" ይለዋል።

ወገኖቼ፣ ሰውን ጀግና እያሉ መግደል እንደሚቻል ታውቃላችሁ? እያጨበጨቡለት?

አንድ ቀን ሁለት ባላጋራዎች ከግራም ከቀኝም መጡበት። ሊያግድለት የሚችለው ሩፈስ ዳር ተቀምጧል። ኦሪን ወደቀ፣ አልተነሳም።

እንግዲህ ወደ ኮሪደሩ እንመለስ። የኦሪን ሚስት መጣች። ቴሳ ትባላለች፤ ወሯ የገባ እርጉዝ ናት። አሰልጣኙ አይዞሽ ሊላት ቀና አለ። እሷ አልጮኸችም፣ አልሰደበችውም። ጫማውን ከእጁ ተቀበለችው።

"አሰልጣኝ፣ ልጃችን ሊወለድ ነው" አለችው። "በየትኛው ክንዱ ነው የሚያቅፈው?"

ጫማውን ገልበጥ አድርጋ አየችው።

"ሌላ ሰው የላችሁም?" አለችው።

ሌላ ሰው የላችሁም! ሰውየው ይህን ታሪክ ቆይቶ ራሱ በአደባባይ ሲናገር፣ "ከዚያች ጥያቄ ቡጢ ይሻለኝ ነበር" ብሏል። ነበራቸዋ! ሩፈስ ነበራቸው። ዳር ተቀምጦ ነበር።

በማግስቱ ሩፈስን አስጠራው። ጨንቆታል፤ የሚጠይቀው ነገር ለሰው የሚጠየቅ አይደለማ።

"ስማኝ ሩፈስ" አለው። "ኦሪን ድኖ ሲመለስ እንዲህ እንዳይመቱት ከፈለግን፣ ባላጋራ አንተንም መፍራት አለበት። እንዲፈሩህ ደግሞ መሮጥ አለብህ። ደጋግመህ። ሕዝቡ ቢጮህብንም። ከዚያ ቀኑ ሲደርስ ኦሪን ኳሷን ሆድህ ላይ አስጠግቶ መልሶ ይወስዳታል። አንተ የያዝካት መስለህ ትገባባቸዋለህ።"

"ባዶ እጄን?"

"ባዶ እጅህን።"

"ኳሷን ባልይዛትም ይመቱኛል?"

"የያዝካት መስሏቸው ነው የሚመቱህ። አልዋሽህም፣ በደንብ ነው የሚመቱህ።"

"ኦሪን ግን ይቆማል?"

"ይቆማል።"

"በሉ እንግዲህ እሮጣለሁ" አለ ሩፈስ፤ ጎንበስ ብሎም ጫማውን ማሰር ጀመረ።

ኧረ እናንተ! ይህን ሰው አያችሁት? ስሜ ይጠራል ወይ አላለም። ፎቶዬ ይወጣል ወይ አላለም። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ያ ልጅ ይቆማል ወይ?

ሮጠ። ትንሽ ሄዶ ወደቀ። ደግሞ ሮጠ፣ ደግሞ ወደቀ። ሕዝቡ "ወርውሩ እንጂ!" እያለ ያፏጫል። የቡድኑ ባለቤት አሰልጣኙን ጠርቶ "ሰዉን እንቅልፍ ልታስወስደው ነው?" አለው። አሰልጣኙ ግን ፍንክች አላለም። በቴሌቪዥን ተሳለቁበት፤ አሁንም ፍንክች አላለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለ አባቶቻችን? ባላጋራዎች ቀስ በቀስ አንድ ሰው ለሩፈስ መደቡ። ቆይተው ሁለት መደቡ። ከዚያም ተጠግተው ይጠብቁት ጀመር።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ሮጦ የማያውቅ ሰው ልሮጥ ነው ቢል ማን ያምነዋል? አስቀድሞ ሳይሮጡ በማስመሰል ብቻ ሊያታልሉ ሞክረው ነበር እኮ፣ ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ሩፈስን ያመኑት በእውነት ስለሮጠ፣ በእውነት ስለወደቀ ነው። ውርወራውን የሚያሳምረው ሩጫው ነው። ለሩጫውም መንገድ የሚከፍተው ውርወራው ነው። አንዱ ብቻውን ከሆነ ሰው ይሰበራል።

ኦሪን የተመለሰበት ዕለት እኔ ስታዲየም ነበርኩ። ኢዮስያስ ከጎኔ ሆኖ ያስረዳኛል። በትልቁ ስክሪን ላይ ቴሳን አሳዩን፤ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ዓይኗን ጨፍናለች። ባሏ ኳስ በነካ ቁጥር ትጨፍናለች። ጨዋታው ሊያልቅ ነው፣ የኦሪን ቡድን እየተመራ ነው። ሩፈስ ሲሮጥ ውሎ ማልያው ከጭቃ የተነሳ ቀለሙ አይታይም።

ኦሪን ኳሷን ተቀበለ፤ ወደ ሩፈስ ዞሮ ሆዱ ላይ አደረገለት። ሩፈስ በሁለት እጁ አቀፋትና አንገቱን ሰበር አድርጎ ገባ። አቤት አገባብ! ግንብ የሚያክሉ ሰዎች ከየአቅጣጫው መጥተው ወደቁበት። እኔ ከመቀመጫዬ ተነስቼ "በርታ ሩፈስ! በርታ!" እላለሁ።

ኢዮስያስ እጄን ጎተት አድርጎ "ጋሼ፣ ኳሷ እኮ እዚያ የለችም" አለኝ።

"የት ሄደች?"

"እዚያ ማዶ እይ!"

ዞር ብል፣ ኦሪን ብቻውን ቆሟል። በአጠገቡ ሰው የለም! ያ በየሳምንቱ ይቀጠቀጥ የነበረ ልጅ፣ በገዛ ግቢው እንደቆመ ሰው ተረጋግቶ ቆሟል። ሩቅ አየ። ያን ቃል ያልተገባለትን ክንዱን አነሳና ወረወራት። ኳሷ ሰማይ ላይ ስትሄድ ሁላችንም አንጋጠን ተከተልናት። ከዚያ ማዶ ያለው ሰው ቀለባትና ነጥብ የሚቆጠርበትን መስመር አለፈ። አገር ቀለጠ! አጠገቤ ያለው የማላውቀው ፈረንጅ አቀፈኝ፤ እኔም አቀፍኩት። በስክሪኑ ቴሳ ዓይኗን ስትገልጥ አየን። ባሏ ቆሟል። ማልያው ላይ አቧራ እንኳ የለም።

አሰልጣኙ ግን ወደ ኳሷ አላየም። የሚያየው ወደዚያ የሰው ክምር ነው። አንዱ ተነሳ፣ ሌላው ተነሳ፤ እየተነሱ ኳሷን ይፈልጋሉ። ከሥር ማን አለ? ሩፈስ። ሁለት እጁ ሆዱ ላይ እንደታቀፈ ነው፤ ውስጡ ምንም የለም። ሣር ጎርሷል። የመጀመሪያ ቃሉ ምን እንደነበር አሰልጣኙ ተናግሯል። "ቆሟል?" ነው ያለው።

ኦሪን ሰዉ ወደሚጨፍርበት አልሄደም። ወደ ኋላ ሮጦ መጣና ያን የዳነ ክንዱን ዘርግቶ ሩፈስን ከመሬት አነሳው። ጨዋታው ሲያልቅ ቤተሰብ ወደ ሜዳ ይወርዳል። ቴሳ ሕፃኑን ይዛ ወረደች፤ ባሏን አቅፋ ሳመችው። ከዚያ አለፈችና ወደ ሩፈስ ሄደች። ሩፈስ ሰውነቱ ደቅቆ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ልጇን በእነዚያ ባዶ እጆቹ ላይ አስቀመጠችለት።

ጌታን አሰብኩ፣ ምን ልበላችሁ! የእኛን ምት የተመታልን፣ እጆቹን ዘርግቶ ከሥር የሆነልን፣ እኛ እንድንቆም የወደቀልን። እኛ ቆመን ስንጨፍር ከክምሩ ሥር ማን እንደነበር ስንቶቻችን ዞር ብለን አየን? ይህ ያስፈራል፤ ያስለቅሳልም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ወደዚህች ወደ እኛ ቤተ ክርስቲያን።

እናንተ ውርወራ ትወዳላችሁ። ኮንፈረንስ ሲባል አዳራሹ ይሞላል፣ የታወቀ ሰባኪ ሲመጣ መቆሚያ ይጠፋል። ይሁን፣ እኔም እወዳለሁ፤ ውርወራ ኃጢአት አይደለም። ሰኞ ግን ማን ይመጣል? የታመመ የሚጠይቅ፣ ለቅሶ ቤት ወንበር የሚሸከም፣ ሕፃናቱን የሚያስተምር ማነው? ስሙን ጥሩልኝ። አያችሁ፣ ሁላችሁም አንድ ስም አሰባችሁ። እህት ዘውድነሽ።

ሕፃናቱን ማን ያስተምር፣ ዘውድነሽ። መዘምራኑን ማን ያሰባስብ፣ ዘውድነሽ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እኛ ሃምሳውንም አሸክመናት "ብርቱ እህት ናት፣ ጌታ ይባርካት" እያልን አጨበጨብን። ዛሬ ወንበሯን እዩት፤ ባዶ ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ ተኝታለች፣ ሐኪም ከአልጋ እንዳትነሳ ብሏታል።

ሐሙስ ልጠይቃት ሄድኩ። ባሏ ጋሽ መንገሻ በሩን ከፈተልኝ። ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ እንዲህ አለኝ፤ "ፓስተር፣ እናንተ ሌላ ሰው የላችሁም?"

ይህን ጥያቄ የት ነው የማውቀው? ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ከሆስፒታል ኮሪደር ተነስቶ፣ እዚህ እኛ ሰፈር ቆርቆሮ በር ላይ ጠበቀኝ!

አሁን እኔ ለጋሽ መንገሻ ምን ልመልስለት? ዳር ተቀምጣችሁ የምታዩኝ ወገኖቼ፣ እናንተ ንገሩኝ። የቤተ ክርስቲያኑን ብቻ አልልም። በየቤታችሁም አንድ ኦሪን አለ፤ ሁሉ ነገር የተጣለበት፣ "እሱ ይችለዋል" የሚባል፣ "እሷ ብርቱ ናት" የሚባልላት። እስኪሰበሩ አትጠብቁ።

ዛሬ ለማንም የሚያብረቀርቅ ነገር አልሰጥም። መድረክ የለኝም፣ ማይክም የለኝም። ያለኝ ሩጫ ነው። ትንሽ ሄዶ መውደቅ፣ መነሳት። ስማችሁ አይጠራም። እንዲያውም ማንም አያያችሁም፤ ከላይ ካለው አንዱ በቀር።

ሩፈስ የጠየቀውን ግን መጠየቅ ትችላላችሁ። እህት ዘውድነሽ ግን ትቆማለች ወይ በሉኝ።

አዎ፣ ትቆማለች።

በሉ እንግዲህ፣ ጫማችሁን እሰሩና ተነሱ።