ሲጢጥ የሚለው ሽክርክሪት

አንድ ጊዜ «ይነቀላል!» «አይነቀልም!» የሚል ጭቅጭቅ የዋርካውን ሜዳ ማመስ ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑን ይዞ ነበር።

«ይነቀላል አልኩ እኮ!» አለች ቀበሮ ጅራቷን ወዲያና ወዲህ እየወረወረች። «አርጅቷል! ይንቀራፈፋል! ጆሮ ይበሳል!»

«አንቺ ነሽ የምትነቀይው!» ብሎ ጮኸባት ጅብ። «እኔ በዚህ ሽክርክሪት ላይ ነው ያደግኩት። እናቴም በዚህ ላይ ነው ያደገችው። አያቴ ደግሞ…»

«አያትህማ ከዚህ ላይ ወድቃ ነው እግሯ የተሰበረው።»

«ቢሆንስ! በደስታ ነው የተሰበረችው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። በሜዳው መሃል አንድ አጭር ምሰሶ ቆሟል። በምሰሶው ራስ ላይ ረጅም ግንድ ተጋድሟል። እንስሳት በግንዱ ጫፍና ጫፍ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ። አህያ ከግንዱ ጋር የታሰረውን ገመድ በአንገቷ አጥልቃ ምሰሶውን ትዞራለች፤ ግንዱም እንስሳቱን እንደያዘ አብሯት ይዞራል። ሽክርክሪት የሚሉት ይህንን ነው። ተራ የሚጠብቁት ሰልፍ እስከ ወንዙ ዳር ይደርስ ነበር። በአንበሳ ሕግ መሠረት በሜዳው ዙሪያ በታጠረው አጥር ውስጥ ማንም ማንንም ስለማይበላ፣ ቆቅ ከቀበሮ ጎን፣ ጥንቸልም ከጅብ ጎን ተቀምጣ ያለ ስጋት ትዞራለች።

ባለፈው ክረምት ግን ሽክርክሪቱ መንቀራፈፍና ሲጢጥ ሲጢጥ ማለት ጀመረ። ቀበሮም ይህን አይታ አዲስ ሐሳብ ይዛ መጣች። ሽክርክሪቱ ይነቀል፤ በምትኩ ከኮረብታው አናት ቁልቁል የሚያንሸራትት የጭቃ ሸርተቴ ይሠራ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንስሳቱ ለሁለት ተከፈሉ። ከርከሮ ከጃርት ጋር ሰላምታ አቆመ። አንድ ዛፍ ላይ የሚኖሩ ዝንጀሮዎች ሳይቀሩ የላይኛው ቅርንጫፍ የሸርተቴ፣ የታችኛው ቅርንጫፍ የሽክርክሪት ደጋፊ ሆነው ተኮራረፉ።

በዚህ ሁሉ መሃል ማንም ምንም ያልጠየቃት አህያ ብቻ ነበረች። ሽክርክሪቱ የከበደው በእሷ ላይ ነበር። ገመዱ አንገቷን ልጦታል፤ ቁስሉ ገና ሳይጠግግ በማግስቱ እንደገና ይላጣል። ሽክርክሪቱ ለምን እንደከበደም ታውቃለች። ለጉባኤው ልትናገር የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እሱን ከሰሟት አንገቷ ይድናል።

አንበሳ በዋርካው ሥር ተጋድሞ እያዛጋ ጉባኤውን ከፈተ።

«በሥርዓት እንነጋገር!» አለ። «የሚናገር ሁሉ እንደተለመደው መጀመሪያ ወገኑን ይለያል። የሸርተቴ ወገን በግራዬ ይቁም፤ የሽክርክሪት ወገን በቀኜ። ከዚያ በኋላ ይናገራል።»

ጦጣ ከሁሉም ቀድማ ዘልላ በቀኙ ቆመች።

«ጌታዬ አንበሳ፣ ያ ሲጢጥታ እኮ ዝም ብሎ ድምፅ አይደለም፤ ትዝታ ነው። ሲጢጥ ሲል በሰማሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ልጅነቴ ይመጣብኛል።»

«እመት ጦጢት፣ ሲጢጥ ማለት የጀመረው እኮ ባለፈው ክረምት ነው» አለች ቀበሮ።

«እና? ባለፈው ክረምት ልጅ ነበርኩ!»

የቀኝ ወገን አጨበጨበ። የግራ ወገን ሜዳውን በፉጨት አናወጠው። ጩኸቱ ትንሽ ሲበርድ በግራ በኩል የቆመችው ቆቅ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ይቅርታ እመት ቀበሮ፤ ሸርተቴውን እደግፋለሁ። ግን መጨረሻው የት ነው?»

«ከአጥሩ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ እኔ ደጃፍ አካባቢ።»

«አካባቢ ስትዪ?»

«ደጃፌ ላይ። ግን ሰፊ ደጃፍ ነው፤ አትጋፉም።»

ቆቅ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ማንንም ሳታይ ከግራ ወደ ቀኝ ተሻገረች።

በዚህ ጊዜ አህያ ወደ መሃል ገባች።

«ጌታዬ፣ እኔ አንድ ነገር…»

«ወገንሽ?» አላት አንበሳ።

«ወገን እንኳ የለኝም። እኔ የማዞረው ነኝ።»

«ማዞርሽንማ እናያለን። ቀኝ ነሽ ወይስ ግራ?»

«ስለ ምሰሶው ልናገር ነበር…»

«ወገን ሳትለዪ ስለ ምሰሶ አይወራም!» ብለው ሁለቱም ወገኖች በአንድ ድምፅ ጮኹባት። በሦስት ቀን ውስጥ የተስማሙበት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር።

ሲከራከሩ ውለው ሲደክማቸው ጉባኤው ለነገ ተቀጠረ። ተበተኑ እንዳይባል ግን ሁሉም በቀጥታ ሄደው ለሽክርክሪቱ ተሰለፉ። የሽክርክሪት ወገኖች «ፍቅራችንን ለማሳየት ነው» አሉ። የሸርተቴ ወገኖችም «ምን ያህል አሰልቺ እንደሆነ ለማረጋገጥ ነው» ብለው ሁለት ሁለት ጊዜ ዞሩ። አህያም ሁሉንም አዞረች። እያንዳንዱ ዙር ዳገት የመውጣት ያህል ነበር።

ጅብ ተራው ደርሶ ግንዱ ላይ ሲወጣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከላት።

«ትንሽ ፈጠን በይ እንጂ አንቺ አህያ! ቀበሮ እያየችን ነው። ይንቀራፈፋል ብላ ልታወራብን ነው።»

«አያ ጅቦ፣ ሞራው የታለ?» አለችው አህያ እያለከለከች።

«የቱ ሞራ?»

«የምሰሶው ራስ የሚቀባበት። በየወሩ አመጣለሁ ብለህ ቃል የገባኸው።»

እውነቷን ነው። ግንዱ በምሰሶው ላይ እንዳይነክስ በየወሩ አንድ ቁራጭ ሞራ ይቀባ ነበር። ድሮ ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው አሮጌው ጃርት ነው። ጃርቱ ሲደክመው ጉባኤው «ሞራውን ማን ያምጣ?» ብሎ ጠየቀ። ጅብ ጥያቄው ሳያልቅ እጁን አወጣ። ሌላ እጅ ያወጣ ስላልነበረ ለእሱ ሰጡት። አንድም እንስሳ ቆም ብሎ አላሰበም።

«እ… ሞራውማ መንገድ ላይ ነው» አለ ጅብ።

«ባለፈውም ወር መንገድ ላይ ነበር።»

«መንገዱ ረጅም ነዋ!» አለና ከንፈሩን ላሰ።

በማግስቱ አህያ ከሁሉም ቀድማ ዋርካው ሥር ደረሰች። ወገን ይለይ ከተባለ ልለይ ብላ ከአንበሳ በስተቀኝ ቆመች። የሽክርክሪት ወገኖች ይህን ሲያዩ በደስታ ፈነደቁ።

«ይኸው! አህያም የእኛ ናት!» አለች ጦጣ። «የልቧን ትናገር!»

አህያ ጉሮሮዋን ጠረገች። ከልጅነቷ ጀምሮ በጉባኤ ተናግራ አታውቅም።

«ሽክርክሪቱ አላረጀም» አለች። «ምሰሶው ሞራ ካየ ሦስት ወሩ ነው። ከተቀባ ይፈጥናል፤ ሲጢጥታውም ይጠፋል፤ የእኔም አንገት ይድናል። በቃ፣ ይኸው ነው።»

አንበሳ ከተጋደመበት ቀና ብሎ ወደ ጅብ ዞረ።

«አያ ጅቦ፣ ሞራው የት ገባ?»

«ጌታዬ፣ የመጀመሪያውን ወር… ጥሩ መሆኑን ለማረጋገጥ ቀመስኩት።»

«የሁለተኛውንስ?»

«ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ለማረጋገጥ።»

«የሦስተኛውንስ?»

ጅብ መሬት መሬት አየ። «የሦስተኛውን እንኳ ርቦኝ ነው።»

አህያ በረጅሙ ተነፈሰች። ነገሩ ታወቀ፤ አሁን ሞራ ይፈለጋል፤ ምሰሶው ይቀባል፤ ጭቅጭቁም ያልቃል ብላ አሰበች። ወዲያው ግን ጦጣ ግንባሯን ቋጠረች።

«ቆይ ቆይ። ሲጢጥታው ይጠፋል ነው ያልሽው?»

«አዎ፣ ፈጽሞ ይጠፋል።»

«ሲጢጥታው ከጠፋማ የእኛ ሽክርክሪት መሆኑ ቀረ! ሌላ ሆነ ማለት ነው! ታዲያ አንቺ ከቀበሮ በምን ተሻልሽ? እሷ በግልጽ ትነቅለዋለች፤ አንቺ በሞራ ልታጠፊው ነው!»

«ከዳተኛ!» አለ ከቀኝ በኩል አንድ ዝንጀሮ።

«ኧረ እኔ እንደ ድሮው ይሁን ነው የምለው» አለች አህያ። «ድሮ እኮ ይቀባ ነበር።»

«ስለ ድሮ እኛን አታስተምሪን! እኛ ነን ድሮን የምንወደው!»

በግራ በኩል ደግሞ ቀበሮ ወደ አንበሳ ጠጋ ብላ ድምፅዋን አለሳለሰች።

«ጌታዬ፣ እኔ በማንም ላይ ክፉ አልናገርም። ግን ነገሩን ልብ ይበሉት። ይህ ግንድ ከተቀባ ይፈጥናል። ከፈጠነ ደግሞ ማን ይነቅለዋል? ሸርተቴያችንን ለማስቀረት የታሰበ ተንኮል ነው።»

«ሞራ ይከልከል!» አለ የግራ ወገን።

«ሞራ ይከልከል!» አለ የቀኝ ወገንም። ጅብ ብቻ ቅር አለው።

«እስቲ አንገቴን እዩት» አለች አህያ፤ ጎንበስ ብላም ቁስሏን አሳየቻቸው። ዝንቦች ሰፍረውበት ነበር።

ጦጣ ጠጋ ብላ አየችና ከንፈሯን መጠጠች። «አይዞሽ እህቴ፤ እኛም እኮ ቆስለናል። የእኛ ግን ልባችን ነው።»

አንበሳ ራሱን ያዘ። ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ አልተኛም።

«በቃችሁ!» ብሎ አገሳ። «በፈተና ይለይ። ሽክርክሪቱ ዛሬ ከቻለ ይቆያል፤ ካልቻለ ይነቀላል። ወደ ግንዱ!»

ይህን ሲሰሙ ሁሉም ተሯሯጡ። ግንዱ ላይ ሁልጊዜ የሚቀመጡት አራት ብቻ ነበሩ። አሁን ግን የሽክርክሪት ወገኖች «ስንት እንደሚችል እናሳያቸዋለን!» እያሉ በአንዱ ጫፍ ተደራርበው ተቀመጡ፤ ጅብ፣ ጦጣ፣ ሰባት ዝንጀሮና ጃርት። የሸርተቴ ወገኖችም «ሲሰበር ያዩታል!» እያሉ በሌላው ጫፍ ወጡ፤ ቀበሮ፣ ከርከሮ ከነቤተሰቡ፣ በመጨረሻም ከወንዙ ለምነው ያመጡት ጉማሬ። ጉማሬው ሲቀመጥ ግንዱ እንደ ቀስት ጎበጠ።

«ዳኛ በቅርብ ማየት አለበት» አለና አንበሳም መሃሉ ላይ ተቀመጠ።

«እንዳትጋፋኝ አንተ!»

«ጅራቴ ላይ ነው የተቀመጥሽው!»

«ይችላል! ይችላል!»

«አይችልም! አይችልም!»

ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ወደ ታች አዩና «አዙሪ!» አሉ።

አህያ ገመዱ አንገቷ ላይ እንዳለ ቆማ ቀና ብላ አየቻቸው። አንደኛው ወገን እንዲዞር፣ ሌላኛው እንዲሰበር ብሎ እዚያው ላይ ተቀምጧል። ሁለቱም የሚጠብቁት የእሷን አንገት ነው።

«አዙሪ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት ጅብ።

አህያ ራሷን ዝቅ አደረገች። አንገቷን ቀስ ብላ ከገመዱ ውስጥ አሾልካ አወጣች። ገመዱ አቧራው ላይ ወደቀ።

«ይኸው ተነቃነቀ!» አለች ጦጣ ዓይኗን ጨፍና።

«የት ተነቃነቀ? ንፋስ ነው!» አለች ቀበሮ።

«ዞሯል እኮ ነው የምልሽ! እኔ እየዞረብኝ ነው!»

እነሱ ዞረ አልዞረ እያሉ ሲጨቃጨቁ አህያ በሰልፈኞቹ መሃል አለፈች፤ ዞር ብላም ሳታይ፣ ወደ ወንዙ ዳር ለምለም ሣር ሄደች።

ከዚህ የምንማረው፣ የምንወደው ነገር ይቆይ ወይስ ይለወጥ እያልን ጉሮሯችን እስኪደርቅ ከመከራከራችን በፊት፣ በአንገቱ የሚጎትተውን ጠርተን መጠየቅ፣ ሲነግረንም መስማት እንዳለብን ነው።