የማኅተሙ አንበሳ

አንዲት ሸክላ ሠሪ ሴት ልጇን ፊደል እንድትቆጥር ከወንዶቹ ጋር የኔታ ዘንድ ሰደደቻት። ፊታውራሪ ድልነሳው ይህን ሲሰሙ እናቲቱን አደባባይ አስጠሯት። ማኅተማቸው ያረፈበትን አዋጅ አውጥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ጸሐፊያቸው በቃል ያስጠናቸውን ወረቀቱ ላይ አፍጥጠው አነበነቡት፦

«የሴት ጭንቅላት ፊደል አይይዝም። ልጇን ከትምህርት ያላስቀረች አገር ትልቀቅ!»

ሸክላ ሠሪዋ አንገቷን አስግጋ ወረቀቱን አየችና እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ ገልብጠው ነው የያዙት።»

ፊታውራሪ ደማቸው ፈላ።

«ማነው አንቺን ማንበብ ያስተማረሽ?»

«ማንም፣ ጌታዬ። ማኅተሙ ላይ ያለው አንበሳ እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ አይቼ ነው። ፊደሉንማ እኔም እንደ ጌታዬ አላውቀውም፤ ልጄን የሰደድኳትም ለዚሁ ነው።»