የወንፈል ተራ

አንድ ባላባት ነበር። እሱ በሚያስተዳድረው መንደር ሰባት ገበሬዎች ወንፈል የሚባል ማኅበር ነበራቸው። ቃሉን ዛሬ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ላስረዳ። ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ አብረው ያጭዳሉ። ድግስ የለበትም። አንድ ቀን ለሠራልህ ሰው አንድ ቀን ትሠራለታለህ። ስሙ ከየት እንደመጣ በእርግጥ አላውቅም፤ ትርጉሙ ግን እንዴት እንደተጠበቀ ሰምቻለሁ።

በአንድ የመኸር ወቅት ተራው የአንጓች ሆነ። አንጓች ባሏ የሞተባት፣ እንደ ወንዶቹ የምታጭድ ሴት ናት። ጤፏ ደርሷል፤ ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል። በረዶ ቢወርድ የዓመት ቀለቧ አለቀ ማለት ነው። ገበሬዎቹ ማጨድ እንደጀመሩ ባላባቱ በበቅሎ መጣ።

«ተነሡ፣ መጀመሪያ የእኔን ማሳ እጨዱ። እኔም ወንፈላችሁ ውስጥ ገብቻለሁ» አለ።

የወንፈሉ አንጋፋ አያ ሙጨ ቀና አሉ። «ደግ ነው ጌታዬ። እንግዲያው ይውረዱና ይጨዱ። ተራዎ ከእኛ ኋላ ነው።»

ሰዎቹ ሳቃቸውን አፈኑ።

«እኔ ላጭድ? በሬ አርጄ አበላችኋለሁ!»

«እሱማ ደቦ ነው። ለደቦ ሰው ይለመናል፣ የፈቀደ ይመጣል። ወንፈል የሚመለሰው በጉልበት ነው።»

«ሙጨ፣ የማን መሬት ላይ እንደቆምክ ረሳኸው? እነቅልሃለሁ!»

ያን ጊዜ አንጓች ቀና ሳትል ተናገረች። «ጌታዬ፣ በቅሎዎ ጤፌን እየረገጠች ነው። ዞር ያድርጉልኝ።»

ሌሎቹም ጎንበስ ብለው ማጨዳቸውን ቀጠሉ። በረዶው የወረደው የአንጓች ጤፍ ተከምሮ ከተከደነ በኋላ ነው።

ባላባቱ ዝቶ አልቀረም፤ የአያ ሙጨን መሬት ነጠቃቸው። በሚቀጥለው ዓመት ማሳ ባይኖራቸውም የስድስቱንም አጨዱ። ተራቸው ሲደርስ ስድስቱ ማጭዳቸውን ይዘው መጡ። አያ ሙጨ «ምን ልታጭዱ?» ቢሏቸው «ሣር» አሉና ቤታቸውን በአዲስ ሣር ከደኑላቸው። ባላባቱ በመንገድ ሲያልፍ አየ፤ በቅሎውን ኮልኩሎ መንገዱን ቀጠለ።

ማኅበር ማለት ይህ ነው። ጉልበተኛ መሬትህን ሊወስድ ይችላል፤ ጓደኞችህ ካልሰጡት በቀር ተራህን ሊወስድ አይችልም። እናንተስ ባላችሁበት ማኅበር ጎንበስ ሳይል ቅድሚያ የሚጠይቅ ቢመጣ፣ ሥራችሁን ትቀጥላላችሁ ወይስ መንገድ ትለቁለታላችሁ?