የአቶ ዘውገ ንግግር በወንድሜ ላፕቶፕ

ልጄን ከወለድኩ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ይተነፍስ ይሆን እያልኩ ጣቴን አፍንጫው ሥር ደቅኜ አነጋለሁ፤ ልጁ እንኳ ሳይታዘበኝ አይቀርም። የእንቅልፍ መድኃኒቴን ያገኘሁት የማጸዳበት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ነው፤ የሥራ አስኪያጃችን የአቶ ዘውገ ረጅም ንግግር። ገና ሲጀምሩ እንቅልፍ ይወስደኛል። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ግን ድምፃቸው ይጠፋና ብንን እላለሁ።

ስለዚህ የወንድሜን አሮጌ ላፕቶፕ ታቅፌ ኮምፒውተር ክፍል ገባሁ። እዚያ የምትሠራውን ትርሲትን፣ "እህቴ፣ የአቶ ዘውገን ንግግር ከድረ ገጹ አውርደሽ እዚህ ላይ ጫኚልኝ፤ እኔ ራሴ ከነካሁት ድረ ገጹን በሙሉ አጠፋዋለሁ" አልኳት።

ለካ አቶ ዘውገ ከኋላዬ ቆመዋል። ደስታቸው ወሰን አጣ፤ ሠራተኛውን ሁሉ ጠሩ።

"አያችሁ? የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ ንግግሬን ኮምፒውተሯ ላይ ልታስቀምጥ መጣች! በይ ንገሪያቸው፣ የትኛው ሐሳቤ ነካሽ? ካልሰማሽው ግን መቀለድሽ ነው፤ ትርሲት፣ እንዳትጭኚላት!"

እንዳልዋሽ አንድም ነገር አልሰማሁም፤ እውነቱን ብናገር እንጀራዬ ይቋረጣል።

"ጋሼ፣" አልኩ፣ "እኔ ፊደል በቅጡ ያልለየሁ ሰው ነኝ፤ ትልቅ ነገር ቶሎ አይዘልቀኝም። ማታ ማታ ከመጀመሪያው ጀምሬ እሰማዎታለሁ፤ እስካሁን የደረስኩት 'ክቡራንና ክቡራት' ያሉት ላይ ነው።"

ሠራተኛውን ሁሉ ሳል ያዘው። አቶ ዘውገ ግን ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ "አይዞሽ፣ አትቸኩዪ" አሉኝና ወደ ትርሲት ዞሩ፤ "ጫኚላት፤ ሲደጋገም ይገባታል።"