የዶሮዋ በር

ተረት ተረት፤ የሰሚ ጆሮ ይከፈት። ይህን መጀመሪያ ያጫወቱኝ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ጋሽ ወልደ ሰንበት ናቸው።

ውሻ ለየቤቱ ውኃ የሚያደርሰውን አህያ፣ «ሰባት ትውልዴ እዚህ ተወልዷል። አንተ መጤ፣ እስከ ቀትር ከከተማችን ውጣ!» አለው።

አህያው አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ ወንዙ፣ የለም፣ ጎርፉ፣ ወደ ታችኛው ሰፈር ወረደ። አህያው እዚያ ሰፈር የምትኖረውን የዶሮዋን ጫጩቶች ጩኸት ሰምቶ እየጋለበ ተመለሰ። ውሻው ደረቱ ድረስ ውኃ ውጦት የዶሮዋን በር ይገፋል፤ በሩ ግን አልነቃነቅ ብሏል።

«ጋሼ፣ የእሷ በር አይገፋም! ወደ ላይ ብድግ አድርገው ይሳቡት!» አለ አህያው።

ተከፈተ። ዶሮዋና ጫጩቶቿ በአህያው ጀርባ ላይ ወጡ።

ቀትር ሲሆን አህያው ወደ ከተማው መውጫ ቢደርስ፣ ውሻው መንገዱን ዘግቶ ተጋድሟል።

«ደግሞ ወዴት ነው?» አለው፣ ዓይኑን ሳያነሣ።

እኔም ከሰማሁት በአርባኛው፣ ይቅርታ፣ በአርባ ሁለተኛው ዓመት፣ ግንቦት ፲፱ ቀን ጻፍሁት።