በወንድም ደረት ልክ

አንድ ግንበኛ ነበር፤ ስሙ መኳንንት ይባላል። በዚያ ድንጋያማ አገር ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚያስጠራው እሱን ነው። «ድንጋይ ለመኳንንት ይታዘዛል» ይሉ ነበር። እሱም ይህን ይሰማል፤ ሰምቶም አልሰማሁም አይልም። ባለሙያ መመስገን ቢወድ አይፈረድበትም። የመኳንንት ችግር ከምስጋና በቀር ሌላ የሚሰማበት ጆሮ ማጣቱ ነው።

ደምለው የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው፤ ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ አጭር። አባታቸው ገና በልጅነታቸው ስለሞተ መኳንንትን ያሳደገውም፣ ድንጋይ መጥረብን ያስተማረውም እሱ ነው። አንድ ቀን ታዲያ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሲመረቅ አገሩ ተሰብስቦ መኳንንትን ያወድስ ነበር። ደምለው ግንቡን ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ለካና፣

«ወንድሜ፣ ይህ ማዕዘን ዘመም ብሏል። ክረምት ሳይገባ ብታቃናው» አለው።

እውነቱን ነው፤ ማዕዘኑ ዘሞ ነበር። ግን ሰው ሳቀ። መኳንንት በማግስቱ ግንቡን አቃና፣ ልቡን ግን እንደዘመመ ተወው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የወንድሙን ደጅ አልረገጠም።

በዚያው ዓመት የራሱን ቤት ሠራ። ከበሩ ሲደርስ የመለኪያውን ገመድ ይዞ ጥቂት አሰበ። የደምለውን ቁመት አሳምሮ ያውቀዋል፤ በልጅነቱ ከትከሻው ላይ ሆኖ ስንት ገበያ፣ ስንት ጥምቀት አይቷል። የበሩን የላይ ጉበን ልክ በወንድሙ ደረት ቁመት አጋደመው። «ሲመጣ አጎንብሶ ይገባታል» አለ በሆዱ።

ጎረቤት ገርሞት፣ «ምነው መኳንንት፣ በሩ አጠረሳ?» ሲለው እውነቱን መናገር አፈረ።

«የሰው ቤት ሲገባ ጎንበስ ማለት ለባለቤቱ ክብር፣ ለሚገባውም ትሕትና ነው» ብሎ መለሰ።

ነገሩ ለጆሮ ጣፈጠ። ዓመት ሳይሞላ ሦስት ሰዎች በራቸውን እንደሱ አሳጠሩ።

ደምለው በሁለተኛው ዓመት መጣ። አባታቸው ይሠራበት የነበረውን፣ ለታላቅ ልጅነቱ የደረሰውን መዶሻ ይዞ ነበር። መኳንንት ከውስጥ እንደተቀመጠ የታየው ከደረት በታች ያለው ሰውነቱ ነው፤ ፊቱን አላየውም።

«መኳንንት፣ እስቲ ውጣና እንነጋገር» አለ ደምለው።

«ቤቴ ክፍት ነው፤ ግባ።»

ደምለው መቃኑን በአንድ እጁ ያዘ። «አንተ ብትወጣ ይሻለኛል፣ ወንድሜ።»

«እኔ ቤት የሚገባ ሰው ጎንበስ ይላል፣ አያ ደምለው። አንተም ብትሆን።»

ደምለው መዶሻውን ከእጁ ለቀቀው። መዶሻው ከደጁ ድንጋይ ላይ ወድቆ ጮኸ። እግሮቹም ቀስ እያሉ ሄዱ። «የአባቴን መዶሻ ወርውሮልኝ ሄደ! ለማስቀመጥ እንኳ አያጎነብስም!» ብሎ መኳንንት ቂሙን እንደ አዲስ ቋጠረ። በየሰንበቱ ቤተ ክርስቲያን ይስም ነበር እኮ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ክረምቱ ሳይወጣ ደምለው ሞተ።

በለቅሶው ቤት የደምለው ባለቤት ወይዘሮ አትጠገብ መኳንንትን አጠገቧ አስቀመጠችው። አልቆጣችውም፤ ብትቆጣው በወደደ ነበር።

«እሱ መቼ ማጎንበስ ይችል ነበር?» አለችው። «አንተ ሙያ ስትጀምር ድንጋይ በጀርባው እያመላለሰልህ የተጎዳ ወገብ ነው፤ ኋላ ጨርሶ ደረቀበት። ሁለት ዓመት ሙሉ ጫማውን ያጠለቅሁለት እኔ ነኝ። በእጁ የያዘው ቢወድቅበት እኔ ነኝ የማነሳለት።»

«ምነው ታዲያ ያን ቀን ቢነግረኝ፣ እቴ?»

«መኳንንት በእኔ ምክንያት ነው ብሎ ይጸጸታል እያለ እንዳልነግርህ እኔንም አስምሎኛል። ውጣልኝ አለህ እንጂ። ከተቀመጥክበት እስከ ደጅህ ስንት እርምጃ ነበር?»

መኳንንት ቆጥሮት አያውቅም ነበር። ማታ ቤቱ ገብቶ ቆጠረው። አራት እርምጃ ነው።

ዓመታት ሄዱ። አገሩ ሁሉ በሩን አሳጠረ፤ ከደረት ከፍ ያለ በር ያለው ሰው ስድ ተባለ። የሚያስገርመው፣ አብዛኛውን የሠራው ራሱ መኳንንት ነው። ሥራዬ ብሎ ይሠራል፣ ጉበን ባጋደመ ቁጥርም የወንድሙን ደረት ይለካል። እውነቱን ልናገር እያለ አፉ ይተሳሰርበታል።

ሸምግሎ፣ እሱም በተራው ወገቡ ጎብጦ፣ አንድ ቤት ምረቃ ላይ ተጠራ። አንድ መምህር ተነሥተው፣ «አባቶቻችን ትዕቢት ከደጅ እንዲቀር በጥበብ ይህን በር ሠሩልን» ብለው አስተማሩ። ሽማግሌው ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻለም። ተነሣና ሁሉንም ተናገረ፤ ማዕዘኑን፣ ገመዱን፣ መዶሻውን፣ የደረቀውን ወገብ።

መምህሩ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አያችሁ ትሕትና! እንዳናመሰግናቸው ብለው በራሳቸው ላይ ኃጢአት ፈጠሩ» አሉ።

ሴቶቹ እልል አሉ። ውሸቱን ያለ አንድ ምስክር የተቀበለ አገር እውነቱን ከራሱ ከመኳንንት አፍ ቢሰማ አልቀበልም አለ።

መኳንንት ቤቱ ሄዶ የአባቱን መዶሻ አወጣና ጉበኑን ማፍረስ ጀመረ። ጎረቤቶች ደንግጠው መጡ።

«አባባ፣ ምን ሆነዋል? የአባቶችን ሥርዓት ያፈርሳሉ?»

«አባትየው እኮ እኔ ነኝ» አላቸው።

ጃጅቷል ብለው ትተውት ሄዱ። ሦስት ቀን ደክሞ አዲሱን ጉበን ከረጅም ሰው ራስ በላይ አጋደመ። ከዚያ ወዲያ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ይቀመጣል። ጠያቂ ሲመጣ፣ «ቀና ብላችሁ ግቡ» ይላቸዋል። እነሱ ግን ልማድ ሆኖባቸው በዚያ ረጅም በር አጎንብሰው ይገባሉ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል እሱም ለራሱ። በሩ የተሠራለት ሰው እንደሆነ ከእንግዲህ አይመጣም።

ታሪኩ ይኸው ነው። ያማረ ስም የወጣለት ልማድ ሁሉ ከጥበብ አልተወለደም፤ አንዳንዱ የአንድ ሰው ቂም ነው፣ ዕድሜ ስላገኘ ብቻ የተከበረ። ልማዱ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነውር አይደለም። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላው ነገር ነው። አላጎነበሰልኝም ብለን የተቀየምነው ሰው ወገቡን ታሞ እንደሆነ ከተቀመጥንበት ሆነን ማወቅ አንችልም፤ ከደረቱ በላይ አይታየንማ።

እርስዎስ? ከደጅዎ ቆሞ «ውጣልኝ» ያለዎት ሰው አለ? እርምጃው ስንት ነው?