ሥሯ እስከ ታፋ የወረደ ትርፍ ሥጋ

አንድ ጊዜ፣ ጭነት ስታመላልስ የኖረች አህያ ከፊት እግሯ ብብት ሥር ምስር የምታህል ትርፍ ሥጋ ተንጠልጥላባት ነበር። ለዓመታት ማንንም አላስቸገረችም። ዘንድሮ ግን ጭነቱ በአዲስ መጫኛ ይታሰር ጀመር፤ ጠፍሩም እየፈተገ አቀላት። ጎረቤቷ ቀበሮ፣ በሽታ ሰምቶ መድኃኒት ሳያዙ ማለፍ ነውር በሆነበት አገር ያደገች ናትና፣ ወዲያው ትርፍ ሥጋዋን በፈረስ ጭራ ጥብቅ አድርጋ አሰረችላት። በሦስተኛው ቀን ምስሯ ባቄላ አከለች፤ አህያም ታነክስ ጀመር።

ቀበሮ በሙያዋ አላፈረችም። ነገሩ ከእጇ በላይ መሆኑን ገልጻ ወደ ታላቁ ሐኪም ወደ አያ ጅቦ ወሰደቻት። ሐኪምነቱ ከትናንት ወዲህ መሆኑን፣ ከሕክምናውም ትራፊው ለራሷ ለቀበሮ እንደሚደርስ ለአህያ መንገር ረሳች። አህያ ደጃፉ ላይ የተከመረውን አጥንት አይታ ጆሮዋን ብታቆም፣ የታካሚዎች ማስታወሻ ነው ብላ አረጋጋቻት።

ጅብ ብብቷን አየ፣ አሸተተ፣ ምራቁን ዋጠ።

«ሥሯ ጥልቅ ነው፤ እስከ ታፋሽ ወርዷል። ከነታፋው ካልተነቀለች ተመልሳ ትበቅላለች።»

«እስከ ዛሬ ያከሟቸው ዳኑ?»

«ተመልሶ መጥቶ የወቀሰኝ የለም።»

አህያ በሚያነክስ እግር መሸሽ እንደማትችል ታውቃለች። ቀና ስትል ከሐኪሙ አገጭ ሥር አንዲት ምስር ተንጠልጥላ አየች።

«የእርስዎስ ሥሯ እስከ የት ይወርዳል፣ አያ ጅቦ?»

ጅብ ስለ ራሱ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። «ይቺማ ምን ሥር አላት? እኔም በጭራ አስሬያት አብጣ ነበር። ጭራውን ፈታሁ፣ ድንጋይ ላይ ማከኩንም ተውኩ፤ በሳምንቱ ሟሸሸች። ካልነኳት አትነካም።»

ቀበሮ ዓይኗን ጨፈነች።

«እንግዲያው የእኔንም ሳምንት እንያት» አለች አህያ። «ካልሟሸሸች ሁለቱንም ታፋ ይዤ እመጣለሁ።»

ጅብ አንድን ታፋ ከሁለት ጋር አመዛዘነ፤ ሁለት በለጠበት። አሰናበታት።

በማግስቱ ጌታዋ ሊጭናት ቢመጣ ንቅንቅ አልል አለች። ጎንበስ ብሎ ብብቷን ሲያይ ነገሩ ገባው፤ ጭራውን ፈታላት፣ መጫኛውንም አንድ ስንዝር ወደ ኋላ አሰረው። በሳምንቱ ባቄላዋ ተመልሳ ምስር ሆነች።

ጅብ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ታካሚዋ ለምን እንደዘገየች ቀበሮን ጠየቃት።

«እንኳን ደስ አለህ» አለችው። «የመጀመሪያ በሽተኛህን አዳንህ።»

ያን ቀን ሐኪሙ እህል አልቀመሰም።

ከዚህ የምንማረው፣ ገላችንን ለሐኪም ከመስጠታችን በፊት ሐኪሙ የራሱን ገላ በምን እንዳዳነ መጠየቅ እንደሚገባን ነው።